የሰርግ መጠጥ መቼ ይገዛ? ቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው፣ የሚያከስረውስ?

ታኅሣሥ ሲገባ በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በዋጃ ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ።

አባት፦ "ማሽላው ተወቅቷል፤ አሁኑኑ ሸጠን መጠጡን እናስገባ። ኋላ ይወደዳል።"

ሙሽራው፦ "ኧረ ቆይ አባባ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ እንኳ ገና አላወቅንም።"

እናት፦ "ያን ሁሉ ሳጥን የት ልታስቀምጡት ነው? ቤቱ እንደሆነ በቀን እሳት ነው።"

የሚገርመው ሦስቱም ልክ ናቸው። መጠጥ ሰርግ ሲደርስ ይወደዳል። ብዛቱ ሳይታወቅ የተገዛ መጠጥ ደግሞ ወይ ይተርፋል ወይ ያጥራል። በቆላ ሙቀት ያለቦታው የተቀመጠ ቢራም ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ጥያቄው "ቀድሞ ይገዛ ወይስ ይቆይ?" አይደለም። ጥያቄው "የቱ መጠጥ፣ ስንቱ፣ በየትኛው ብር፣ በምን ውል?" ነው።

ዛሬ ይህን አንድ በአንድ እናያለን። ዘንድሮ ባትደግሱም ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለጓደኛ ይሆናልና ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

📌 ባጭሩ

👉 ቀድማችሁ ግዙ፦ የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ፣ ብሩ በእጃችሁ ካለ (ብድር ካልሆነ)፣ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ካላችሁና ሻጩ የተረፈውን ሙሉ ሳጥን ለመመለስ በጽሑፍ ከተስማማ።

👉 ቀብድ ብቻ አስይዙ፦ ቀኑ ተቆርጦ የሰው ብዛት ካልታወቀ ወይም ብሩ ገና ካልሞላ።

👉 አትግዙ፦ ብሩ በወለድ የሚመጣ ከሆነ ወይም ቀኑ ገና በሽማግሌ እጅ ከሆነ።

አሁን ምክንያቱን እንይ።

📌 1. መጀመሪያ ካላንደሩን ተመልከቱ

መጠጥ የሚወደደው ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ስለሚፈልገው ነው። ያ ሰሞን ደግሞ ከየዓመቱ ጾም ጋር ይጠብባል፣ ይሰፋል።

በክርስቲያኑ በኩል አብዛኛው ሰርግ የሚደገሰው ጥምቀት (ጥር 11) ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ነው። ጥምቀት ቀኑ አይለወጥም። ዐቢይ ጾም ግን ከፋሲካ 55 ቀን ቀድሞ ስለሚገባ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱን በቁጥር እዩት፦

▪️ በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ጾሙ የገባው የካቲት 9 ነው። ከጥር 12 እስከ የካቲት 8 ሲቆጠር 27 ቀን ብቻ።

▪️ በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ከጥር 12 እስከ የካቲት 28 ሲቆጠር 47 ቀን።

ከሁለቱም ላይ የነነዌን ሦስት ቀን ቀንሱ። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ገብቷል፤ በ2019 የካቲት 15 ይገባል።

ምን ማለት ነው? ጾሙ ቶሎ በሚገባበት ዓመት ያ ሁሉ ሰርግ በጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ይጫናል። አከፋፋዩ ጋ ሰልፍ ይሆናል፤ ሳጥን ይጠፋል፤ ዋጋ ይጨምራል። እንዲህ ባለው ዓመት ቀድሞ ማዘዝ ግድ ነው። ጾሙ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ግን ትንሽ መተንፈሻ አለ።

ግን አትዘናጉ። ራያ የክርስቲያንም የሙስሊምም አገር ነው። የረመዳን ወር በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደፊት ይመጣል። በ2019 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል፤ ቁርጡን ጨረቃ ትወስነዋለች። ስለዚህ ኒካሕ ያለበት ቤት ድግሱን ጥር ላይ መጨረስ ይፈልጋል። የክርስቲያኑም ሰርግ ጥር ላይ ነው። ቢራው ባይጋጭም ለስላሳና ውሃ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። በ2019 ጥር ላይ የምትደግሱ ከሆነ መጀመሪያ የምታዙት ለስላሳውን ይሁን።

ጥር ካመለጣችሁ ቀጣዩ ሰሞን ከፋሲካ በኋላ ነው። በ2019 የሐዋርያት ጾም ሰኔ 14 ስለሚገባ ግንቦት ሙሉውን ክፍት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ግንቦትና ሰኔ የቆላው ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ ነው። ማስቀመጫ የሌለው ሰው ያኔ ብዙ ቀድሞ መግዛት የለበትም።

📌 2. ሰውን ሳይሆን ጠጪውን ቁጠሩ

"400 ሰው ጠርተናል" ማለት 400 ቢራ ጠጪ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ቤት የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

የእንግዳውን ዝርዝር በሦስት ክፈሉት፦ ቢራ የሚጠጣ፣ ለስላሳና ውሃ የሚጠጣ፣ ጠላ የሚመርጥ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ፣ አልኮል የማይቀምሱ ዘመዶች፣ ሕፃናትና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ቢራው ስሌት ውስጥ አይገቡም። በነገራችን ላይ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው። ቢራ የሚያመጣ ሰው ስትልኩ ታናሽ ወንድማችሁን አትላኩ።

ለምሳሌ 400 እንግዳ አለ እንበል።

▪️ 160ው ቢራ ቢጠጣና በሰው 3 ጠርሙስ ብንይዝ 480 ጠርሙስ ይሆናል። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ስለሚይዝ 20 ሳጥን ማለት ነው።

▪️ 240ው ለስላሳ ቢጠጣና በሰው 2 ብንይዝ 480 ጠርሙስ ይሆናል። ይህም 20 ሳጥን ነው።

ጠቅላላ 40 ሳጥን። ጠላው በደንብ ካለ ደግሞ ቢራው ከዚህም ያንሳል።

ቁጥሩን ለማጣራት ስልካችሁን ተጠቀሙበት። የቤተሰቡን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ለእያንዳንዱ ዘመድ "ከእናንተ ቤት ስንት ሰው ይመጣል?" በሉ። ከአላማጣ፣ ከወልድያ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ለብቻው ጻፉት፤ መንገድ ከተበላሸ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

📌 3. ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ዓይነት መጠጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ተገዝቶ አንዱን ቤት ሊያተርፍ፣ ሌላውን ሊያከስር ይችላል። ልዩነቱ ብሩ የመጣበት መንገድ ነው።

ለስሌት እንዲቀለን አንድ ሳጥን በአማካይ 1,500 ብር ነው እንበል። (ይህ ለምሳሌ የተያዘ ቁጥር ነው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት።) 40 ሳጥን 60,000 ብር ይሆናል። ሁለት ወር ብንቆይ ዋጋው 10 በመቶ ቢጨምር 66,000 ይደርሳል። ቀድሞ የገዛ 6,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። ግን ቆዩ፦

👉 ብሩ ባንክ የተቀመጠ ከሆነ፦ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ብታገኙ 60,000 ብር በሁለት ወር የሚያመጣው 700 ብር ነው። 700 ሰጥቶ 6,000 መዳን ያዋጣል። ዋጋው ከ1 በመቶ ትንሽ በላይ ይጨምራል ብላችሁ ካመናችሁ ቀድማችሁ ግዙ።

👉 ብሩ ብድር ከሆነ፦ በወር 5 በመቶ የሚያስከፍል አበዳሪ ጋ ብትሄዱ የሁለት ወር ወለዱ 6,000 ብር ነው። ያተረፋችሁት በሙሉ ሄደ። በወር 10 በመቶ ከሆነማ 12,000 ትከፍላላችሁ፤ ገና ሳትደግሱ 6,000 ከሰራችሁ። መጠጥ ቀድሞ ለመግዛት ብሎ መበደር አያዋጣም። በቃ።

👉 ብሩ ማሽላ ተሽጦ የሚመጣ ከሆነ፦ የአባት ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈተናል። ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ሁሉም ሰው ስለሚሸጠው ይረክሳል፤ ወደ ክረምት ሲጠጋ ይወደዳል። ዛሬ 60,000 ብር የሚያወጣ ማሽላ ክረምት ላይ 20 በመቶ ቢጨምር 72,000 ይሆናል። 6,000 ለማዳን ብላችሁ 12,000 አጣችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ከውድ ገበያ እህል ገዝቶ መብላት አለ።

እንዲያም ሆኖ "ማሽላ በፍጹም አትሽጡ" ማለታችን አይደለም። ለሰርጉ መሸጡ የማይቀር ከሆነ ለቀብድ የሚበቃውን ብቻ መጀመሪያ ሽጡ፤ ቀሪውን ሰርጉ ሲቃረብ። የመስኖ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ያለው ደግሞ እሱ የሚደርስበትን ቀን ከክፍያው ቀን ጋር ማገናኘት ይችላል። የዓመቱ ቀለብ ግን ለቢራ አይሸጥ። ሰርጉ አንድ ቀን ነው፤ ክረምቱ ሦስት ወር ነው።

👉 "ሰርጉ ላይ በሚሰጠን ብር እንከፍላለን" የምትሉ ከሆነ፦ በዱቤ የሚሸጥ መጠጥ ብዙ ጊዜ ከእጅ በእጁ ዋጋ ይበልጣል። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁና ልዩነቱን እንደ ወለድ ቁጠሩት። ደግሞ ስጦታው ስንት እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

📌 4. ቀብድ፦ ብዙዎች የማያውቁት መብት

ሙሉ ብር ከፍሎ ዕቃውን ከማስገባትና ዝም ብሎ ከመቆየት መሀል ያለው መንገድ ቀብድ ነው። ቀብድ ዋጋውን ያስራል፤ ማስቀመጫ አይጠይቅም፤ ብራችሁንም በሙሉ አይወስድም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦

▪️ ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል።

▪️ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል።

▪️ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ከውሉ ከወጣ ቀብዱን ያጣል።

▪️ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለው ሰው ከውሉ ከወጣ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለዚህ 10,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ሰርጉ ሲደርስ "ዋጋ ጨምሯል፣ አልሰጥም" ካለ 20,000 መመለስ አለበት። እናንተ ሰርጉን ከሰረዛችሁ ደግሞ 10,000ው ቀረ። ቀብዱ ቢቀር የማያንገዳግዳችሁን ያህል ብቻ አስይዙ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረቀት ካለ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ይህን ይያዝ፦

✅ የመጠጡ ዓይነትና የሳጥን ብዛት
✅ የአንዱ ሳጥን ዋጋ፣ "እስከ ሰርጉ ቀን አይለወጥም" ከሚል ቃል ጋር
✅ የሚረከቡበት ቀንና ቦታ፣ ማጓጓዣውን የሚችለው ማን እንደሆነ
✅ "ቀብድ" የሚለው ቃል ራሱና የብሩ መጠን
✅ የተረፈ ሙሉ ሳጥን እስከ ስንት ቀን፣ በስንት ዋጋ እንደሚመለስ
✅ የባዶ ጠርሙስና የሳጥን ማስያዣ ስንት እንደሆነ
✅ ሰርጉ በሐዘን ወይም በመንገድ መዘጋት ቢተላለፍ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን እንደሚያገለግል
✅ የሁለቱ ወገን ፊርማና ሁለት ምስክር

ከፈረማችሁ በኋላ ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ግሩፕ ላኩ። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉት፤ ደረሰኙ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። "እሱማ ዘመዳችን ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል" የሚል አይጠፋም። ወረቀት ዝምድናን የሚያሻክር ይመስላል እንጂ የሚጠብቀው እሱ ነው።

📌 5. "ይመለሳል" የምትለዋ ቃል ያላት ዋጋ

ነጋዴው የተረፈውን በገዛችሁበት ዋጋ የሚመልስ ከሆነ ብዙ ማዘዝ አያስፈራም። የማይመልስ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ትርፍ ሳጥን የሞተ ብር ነው። ስለዚህ በሳጥን 20 እና 30 ብር ለማስቀነስ ከመከራከር በፊት መመለሱን ተከራከሩ።

ሊመለስ የታሰበ ሳጥን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢራ በርሜል ውሃ ውስጥ በበረዶ ሲነከር ወረቀቱ ይላጣል፤ ወረቀቱ የተላጠውን ጠርሙስ ነጋዴው አይቀበልም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንከሩ። አምስት ስድስት ሳጥን እያላችሁ፣ እያለቀ እየጨመራችሁ አቀዝቅዙ።

ባዶውንም አትርሱ። 40 ሳጥን 960 ጠርሙስ ነው። ከ100 አምስቱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ 48 ጠርሙስ ትከፍላላችሁ። ሙዚቃው ሳይጀመር አንድ ታማኝ ልጅ "የባዶ ኃላፊ" ይሁን፤ ሌላ ሥራ አትስጡት።

📌 6. የቆላው ሙቀትና ማስቀመጫው

ቢራ ሁለት ጠላት አለው፦ ሙቀትና ፀሐይ። ፀሐይ የመታው ቢራ ሽታው ይለወጣል። በሙቀት የቆየው ደግሞ ቀኑ ሳያልፍም ጣዕሙ ያረጃል። ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ቆቦ ላይ በቀን ምን እንደሚመስል መቼም ታውቁታላችሁ።

ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ኮርኒስ የተሠራለት ክፍል ይሻላል። ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አራቁት፤ ፀሐይ የሚገባበትን ቀዳዳ ድፈኑ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ መጠጡ ነጋዴው ጋ ይቆይ። ቀብድ የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስትረከቡ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ቀን አስልታችሁ ተመልከቱ። አንድ ጠርሙስ አይታችሁ ሁሉም ያው ነው አትበሉ፤ ከተለያየ ሳጥን ሦስት አራት አውጥታችሁ እዩ። በቅናሽ የቀረበ መጠጥ አንዳንዴ ቀኑ የተቃረበ ነው። ሰርጋችሁ በሳምንቱ ከሆነ ችግር የለውም፤ ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ ግን ወጥመድ ነው።

📌 7. ጠላና ቀሪቦ፦ እነሱም ቀን አላቸው

የቤት መጠጥ ቀድሞ ተገዝቶ አይቀመጥም። ቀድሞ የሚገዛው ግብዓቱ ነው፦ ጌሾ፣ ብቅል፣ ማሽላው ወይም ገብሱ፣ ለቀሪቦ ስኳሩ። እነዚህ ደረቅ ስለሆኑ በደንብ ከተቀመጡ አይበላሹም። ከሰርጉ ወር በፊት ብትገዙ አትጎዱም።

ጠላው እንደ ቤቱ ቢለያይም አካሄዱ እንዲህ ነው። ጋኑ ይታጠናል። ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል፤ ጥቂት ቀን ይቆያል። ቂጣው ተቆርሶ ይገባል። ቀጥሎ የተቆላው እህል ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ጋኑ ተከድኖ ይሰነብታል። መጨረሻ ላይ ውሃ ተጨምሮ ይጠለላል። ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል። በቆላ ግን ቶሎ ይፈላል፤ የደጋ ዘመድ የሰጣችሁን ቀን ሳይሆን የሰፈራችሁን ጠማቂ እናት ጠይቁ። ዋናው ነገር ድፍድፉ ይቆያል፤ ውሃ የገባበት ጠላ ግን በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ውሃውን ሰርጉ ሳይቃረብ አትጨምሩበት።

ቀሪቦ ከዚህም ይፈጥናል። የተቆላው ገብስ ተፍልቶ፣ ተጠልሎ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። ስለዚህ የሚሠራው በዋዜማው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መሥራት ማበላሸት ነው።

ጠላና ቀሪቦ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ እሱን ቀጥሎ እናየዋለን።

📌 8. መንገዱ

ወደ ቆቦ በደቡብ በኩል የሚመጣው መጠጥ ከኮምቦልቻ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። በሰሜን በኩል ማይጨው ላይ የራያ ቢራ ፋብሪካ አለ፤ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ በአላማጣ በኩል ነው። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭትም መኪና የማያልፍባቸው ቀናት አሉ።

ይህ ስሌቱን በሁለት በኩል ይነካዋል። መንገድ ቢዘጋ መጠጥ አይገባም፤ ስለዚህ ቀድሞ የያዘ ተረፈ። መንገድ ቢዘጋ እንግዳም አይመጣም፣ ሰርጉም ሊተላለፍ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ የገዛ ተያዘ።

መፍትሔው መሀል ላይ ነው። "መንገድ ቢዘጋም በእግሩ ይመጣል" የምትሉትን የሰፈርና የአካባቢ ሰው ቁጠሩ። ለእሱ የሚበቃው ቀድሞ ይግባ። ቀሪው በቀብድ ይቆይ። በምሳሌያችን ከ40 ሳጥን 28ቱን ቀድሞ አስገብቶ 12ቱን በቀብድ መያዝ ማለት ነው።

ጠላና ቀሪቦ ደግሞ መድን ናቸው። እህሉ ከማሳችን ነው፤ ከኮምቦልቻ መኪና አይጠብቅም። መንገድ ተዘግቶም የተደገሰ ሰርግ ብዙ ጊዜ የተወጣው በጋኑ ነው። ስለዚህ ቢራ አዝዘናል ብላችሁ ጋኑን አትተዉት።

📌 9. አዳራሽና ሆቴል፦ "በሰው ይሄን ያህል" ሲሏችሁ

አሁን አሁን ድንኳን ትቶ አዳራሽ የሚይዝ በዝቷል። አዳራሹ ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ በሰው የተቆረጠ የመጠጥ ፓኬጅ ወይም በተከፈተው ጠርሙስ ልክ።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በባሕር ላይ ለቀናት የሚጓዙት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የመጠጥ ፓኬጅ ይሸጣሉ፤ በቀን የተቆረጠ ብር ከፍለህ የፈለግኸውን ያህል ትጠጣለህ። መርከቡ ላይ ከወጡ በኋላ ከመግዛት ከጉዞው በፊት መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ግን ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮሉን ፓኬጅ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ለምን? አንዱ የገዛውን ሌላው እንዳይጋራው ነው፤ ስለዚህ ብዙ የማይጠጣውም ይከፍላል።

የአዳራሹ ፓኬጅም እንደዚያው ነው። ለ400 ሰው ስትከፍሉ ለ240ው ቢራ ለማይጠጣው ሰውም እየከፈላችሁ ነው። እንቁጠረው። አዳራሹ ውስጥ ቢራ 100፣ ለስላሳ 50 ብር ነው እንበል፦

▪️ 480 ቢራ በ100 = 48,000 ብር
▪️ 480 ለስላሳ በ50 = 24,000 ብር
▪️ ድምር 72,000፤ ለ400 ሰው ሲካፈል በሰው 180 ብር

ፓኬጁ በሰው ከ180 ብር በታች ከሆነ ያዋጣል። 250 ካሏችሁ 100,000 ትከፍላላችሁ፤ 28,000 ብር በከንቱ ሄደ። እናንተም በራሳችሁ ቁጥር ይህንኑ አስሉ።

በተከፈተው ጠርሙስ ልክ ከመረጣችሁ ግን ቆጣሪ ያስፈልጋል። ከእናንተ ወገን አንድ ሰው ሲገባ ሳጥኑን፣ ሲወጣ ባዶውን ይቁጠር። "መጠጥ ራሳችን እናመጣለን" ካላችሁም ከውጭ ለሚገባ መጠጥ ክፍያ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው መጠየቅ ያለበት፦ ከተስማማነው ያነሰ ሰው ቢመጣ የምንከፍለው ለስንት ነው?

📌 10. ሰሌዳው

🗓 ከሁለት ወር በፊት፦ ቀኑ ይቆረጥ። የሦስት ነጋዴ ዋጋ ጠይቁ። ቀብድ አስይዙ። የቅሬውን ድንኳን፣ ወንበርና ብርጭቆ ለመያዝ ተመዝገቡ።

🗓 ከአንድ ወር በፊት፦ ጌሾ፣ ብቅልና ስኳር ይገዛ። የእንግዳው ዝርዝር ይጣራ።

🗓 ከሦስት ሳምንት በፊት፦ ማስቀመጫ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ድርሻ ያስገባ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ይታይ።

🗓 ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ጠላው ይጠንሰስ።

🗓 ከሦስት እስከ አራት ቀን በፊት፦ የመጨረሻው ቁጥር ለነጋዴው ይነገር። ቀሪው ሳጥንና ውሃው ይግባ።

🗓 በዋዜማው፦ ቀሪቦ ይሠራ። በረዶ ይታዘዝ። የባዶ ኃላፊው ይመደብ።

🗓 በማግስቱ፦ የተረፈው ሙሉ ሳጥንና ባዶው ተቆጥሮ፣ ውሉ ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ይመለስ። መልስ ካለባችሁ ለሱ የሚሆነውን አስቀርታችሁ።

ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። አባት "ይወደዳል" ያሉት እውነት ነው፤ ቀብዱ ለሱ ነው። ልጁ "ብዛቱን አናውቅም" ያለው እውነት ነው፤ የመመለስ ውሉ ለሱ ነው። እናት "ቤቱ እሳት ነው" ያሉትም እውነት ነው፤ ለሁለት ከፍሎ ማስገባቱ ለሳቸው ነው። ሰርግ ካለፈ በኋላ እንግዳው የሚያስታውሰው ጨዋታውን ነው፤ ስንት ሳጥን እንደተከፈተ ማንም አይቆጥርም። ዕዳው ግን የሚቀረው አዲሶቹ ሙሽሮች ቤት ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ሰርግ ሲኖር መጠጡን ቀድማችሁ ነው የምትገዙት ወይስ ሲደርስ? ያተረፋችሁበትን ወይም የከሰራችሁበትን ልምድ ጻፉልን። ጥር ላይ ለሚደግስ ጓደኛችሁም አሁኑኑ ሼር አድርጉለት።

መልካም ሰርግ ለሚያገቡ ሁሉ!